ጓዲት አገርነሽ ስለ ደጉ ግዙፍ ሃያ አስተያየት የሰበሰቡበት ዘመቻ

በአብዮቱ በስምንተኛው ዓመት፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሦስተኛው፣ የስኳር ወረፋ ከኅብረት ሱቁ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ በተዘረጋ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ የካቲት፣ ፀሐይ በጫሞና በዓባያ ላይ በጸናችበት ሰሞን፣ በአርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ የሴቻ ንባብ ቤት ጠባቂ፣ የመጻሕፍት ሞግዚት፣ የአቧራ ባላጋራ፣ በዓይናቸው ብቻ ጫጫታ የሚያስቆሙት ጓዲት አገርነሽ ስለ አንድ የልጆች መጽሐፍ ወገባቸውን ታጥቀው ተነሡ። ይህ የዚያ ዘመቻ ዜና ነው።

ጸሐፊው እኔ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ ብዕሬ አልፎ አልፎ ወደ ግዕዝ ቢያዘነብል ጓዶች ይታገሡኝ። ቃለ ጉባኤ ስጽፍም ያዘነብላል፤ ሁለት ጊዜ ተገሥጬበታለሁ።

ንባብ ቤቱ ከአንድ የከተማ ቤት አከራይ የተወረሰ ሳሎን ነበር። በውስጡም መቶ ዐሥራ አራት መጻሕፍት ነበሩ። ከእነዚህም መቶ ዐሥራ ሦስቱ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ፖለቲካ ኢኮኖሚና ስለ ትራክተር አጠቃቀም የተጻፉ ሲሆኑ ጀርባቸው ያልታጠፈ፣ ገጻቸው ያልተገለጠ፣ ንጽሕናቸው እንደ ደናግል የተጠበቀ ነበር። አንዱ ግን «አባ ዳመና» የተባለው የልጆች ልብ ወለድ ነው። እርሱም ሽፋኑ ሁለት ጊዜ ተገንጥሎ ሁለት ጊዜ በጫማ ሰፊ ክር የተሰፋ፣ ዳሩ በጣት ወዝ የጠቆረ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መደርደሪያውን የረሳ መጽሐፍ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባ ዳመና የሚባል ቁመቱ ጋራ የሚያህል፣ ጉም እንደ ጋቢ የሚከናነብ ግዙፍ ከአንድ መንደር በላይ ይኖራል። መንደርተኛው ሲያየው በር ይዘጋል። ጎርፍ በመጣ ጊዜ ግን ጎጆዎቹን ከነሰዎቻቸው በትከሻው ተሸክሞ ያሻግራል። ሲጠማው ሐይቅ በሦስት ጉንጭ ይጠጣል፤ ሲያስነጥሰው ጣራ ይነሣል። በመጨረሻም የሚገባበት ቤት አጥቶ ተራራውን ብቻውን ተሻግሮ ይሄዳል።

ይህንን መጽሐፍ ከልጆች ይልቅ አዋቂዎች ይዋሱት ነበር። ፊደላቱ እንደ ባቄላ ትልልቅ ናቸውና በዘመቻው ፊደል የቆጠሩት ሸማኔዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና የቤት እመቤቶች ከማስተማሪያው ደብተር ቀጥሎ ያነበቡት የመጀመሪያ መጽሐፍ እርሱ ሆነ። ጓዲት አገርነሽ በዚያው ሳሎን ሦስት ዙር የከሰዓት ትምህርት ሰጥተዋል፤ የሃምሳ ዓመት ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሶ፣ ከውሃ እንደወጣ ዋናተኛ ቀና ብሎ ትንፋሹን ሲስብ ብዙ ጊዜ አይተዋል።

ወእምዝ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳና የባህል ኃላፊ ጓድ ላቀው የሦስት ወር ኮርሳቸውን ፈጽመው ተመለሱ። ጓድ ላቀው ወጣትና ትጉህ ነበሩ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ኮርሱ ግን ገና ትኩስ ነበር። ሰኞ ጠዋት ወደ ንባብ ቤቱ ገብተው የ«አባ ዳመና»ን ሽፋን ተመለከቱ። በሽፋኑ ላይ ግዙፉ መንደሩን በትከሻው ተሸክሞ ይታያል። ውስጡን አልገለጡም። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ይህ አዋጅ በበሩ ላይ ተለጠፈ፤

«ለሰፊው የሴቻ አንባቢ! በንባብ ቤታችን የሚገኘው 'አባ ዳመና' የተባለ መጽሐፍ ሕዝብ በአንድ ግለሰብ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሲሻገር ያሳያል። ታሪክ የሚሠራው ሕዝብ ነው እንጂ ትከሻ አይደለም። ግዙፉ ፊውዳል ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠርጥሯል። መጽሐፉ ይጠቅመናል የሚሉ ሃያ አንባቢዎች አስተያየታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈውና ፈርመው እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካላቀረቡ ወደ መጋዘን ይወርዳል። የጣት አሻራ አይቆጠርም።»

ጓዲት አገርነሽ አዋጁን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የውሰት መዝገቡን ገለጡ። አርባ አንድ ተዋሾች ነበሩ፤ ከእነርሱም ሃያ ሦስቱ ስማቸውን መጻፍ እየቻሉ ያፍሩ ስለነበር በአሻራ የፈረሙ ናቸው። ጎረቤታቸው ጌጤ ገብታ ስታገኛቸው መዝገቡን እንደያዙ ነበር።

«ምን ሆንሽ እትዬ? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለች ጌጤ።

«መጽሐፉን ከወሰዱት እኮ እነዚህ ሰዎች ተመልሰው አይመጡም። ትራክተር ሊያነቡ ነው የሚመጡት?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መሄድ ነው» አሉ ጓዲት አገርነሽ።

የሠራዊቱም ዝርዝር ይህ ነበር። አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ከሁለቱም አንደኛው የማይጽፍ፣ በላስቲክ የተጠቀለለው ራሱ መጽሐፉ፣ በቀኝ ክንፍ ጃንጥላ የያዘች ጌጤ፣ በግራ ክንፍ ግን ማንም አልነበረም።

ማክሰኞ ሴቻን ዘመቱባት። ከበር ወደ በር፣ ከኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ስኳር ወረፋው ሄዱ፤ ወረፋው ላይ የቆመ ሰው መሸሽ አይችልምና በዚያ ብዙ ድል አገኙ። መነን የተባለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስኳር ልታወጣ ተልካ ደብተሩን በጉልበቷ ላይ አድርጋ እንዲህ ጻፈች፤ «አባ ዳመና ከመቀመጡ በፊት ከታች ሰው መኖሩን ያያል። አባቴ አያይም።»

ወይዘሮ ወርቄ የተባሉ፣ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድን በቤታቸው የሚውሉ እናት፣ እስክሪብቶውን ተቀብለው ጻፉ፤ «እኔ የሰማኋቸው ረጃጅሞች ሁሉ ጦረኞች ነበሩ። ይኸኛው ሰላምተኛ ነው፤ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ተራራውን ከመሻገሩ በፊት መጸለይ ነበረበት።» ከዚያ ዘመኑን አሰቡና «መጸለይ» የሚለውን ሰርዘው «ማሰብ» አሉት። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «በጣም ማሰብ» አደረጉት።

እኔም በዚያ ቀን ስምንተኛውን አስተያየት ጻፍሁ። አራት ገጽ ነበር። ስለ ትሕትና አልጠቅሰውም፤ ጓዲት አገርነሽም ስለ ደብተሩ ሲሉ ቀሪውን ወረቀት እንድቆጥብ ለምነውኛል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘጠኝ አስተያየት ተያዘ።

ረቡዕ ቁልቁለቱን ወርደው፣ የታችኛውን ከተማ ሲቀላን አቋርጠው፣ ወደ ሐይቁ ዳር ደረሱ። ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ይጠግኑ ነበር። ታምሩ የተባለው አለቃቸው መጽሐፉን በዘመቻው ሁለተኛ ዙር አንብቦት ነበርና ገና ስሙ ሲነሣ ተቆጣ።

«ደራሲው ሐይቅ አይቶ አያውቅም!» አለ።

«እሱን ጻፈዋ» አሉት ጓዲት አገርነሽ። «እንዳልከው ጻፈው።»

«ስህተቱን ልጻፍ? መጽሐፉን ትወጂው የለም እንዴ?»

«አስተያየት ነው የተባልነው። ውዳሴ አልተባልንም።»

ታምሩም እጁን በቁምጣው ጠርጎ ጻፈ፤ «ሐይቁ የትኛው ነው? ዓባያ ከሆነ ውሃው ቀይ ነው፤ አንድ ጉንጭ የጠጣ ሁለተኛ አይጠጣም። ጫሞ ከሆነ አዞውስ? ሦስት ጉንጭ ውስጥ ስንት አዞ ይገባል? ግዙፉ ጥሩ ሰው ነው፤ ደራሲው ግን ዓሣ አጥማጅ ይጠይቅ።» አራቱ ባልንጀሮቹ በነገሩ ተከራከሩና እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ጻፉ። ሁለቱ ጫሞ ነው አሉ፤ አንዱ ዓባያ ነው አለ፤ አራተኛው አባ ዳመና አንድ እግሩን በዚህ፣ አንድ እግሩን በዚያ፣ መቀመጫውን ሁለቱን ሐይቆች በሚለየው በእግዜር ድልድይ ላይ አድርጎ ከሁለቱም ጠጣ ብሎ አስታረቃቸው። ዐሥራ አራት ሆነ።

ሐሙስ በማለዳ ወደ ዶርዜ በሚወጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ በባዶ በርሜሎች መካከል ተቀመጡ። መንገዱ ሲጠመዘዝ በርሜሎቹ ይንከባለላሉ፤ ጌጤ በጃንጥላዋ ትመክታቸዋለች፤ ጓዲት አገርነሽ ደብተሩን በደረታቸው አቅፈዋል። ከላይ ሲደርሱ ብርዱ የሲቀላን ሙቀት ውሸት አስመሰለው። ሸማኔውን አቶ ካሱን ከእንሰት ጓሮው ፊት ለፊት መወርወሪያውን ሲያመላልስ አገኙት። እጁን ሳያቆም ሰላምታ ሰጠ፣ የመጡበትንም ሲሰማ እጁን አቆመ። ያ እጅ በሥራ ሰዓት ሲቆም ሚስቱ እንኳ ከመንገደኞቹ ጋር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

«የዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ልክ አይደለም» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያናድደኝ ነው የኖረው።»

ደብተሩንም ተቀብሎ ጻፈ፤ «ቤት አጥቶ ሄደ ይላል። ዶርዜ መጥቶ ጠይቋል? የእኛ ቤት ሲሠራ ከሰው አምስት እጥፍ ይረዝማል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ያጥራል እንጂ አይወድቅም። ለእሱ ከቀርከሃ ከዚያ የረዘመ እንሠራለት ነበር። ደግሞ ቤት ከቦታ ቦታ ስናዛውር ሃምሳ ሰው ተጠርቶ፣ ሃምሳ ሰው በልቶ ነው፤ እሱን ብቻ እንጠራ ነበር። ሰው ሳይጠይቅ ቤት የለም ማለት ልክ አይደለም።» ከመንደሩም አራት ሸማኔዎች ተጨመሩ፤ አራቱም የቤቱን ቁመት የተለያየ አድርገው ለኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ።

ዓርብ የጭንቅ ቀን ነበረች። መጻፍ የሚችለው ሁሉ ጽፏል፤ የቀረው ወይ አርባ ምንጭን ለቅቋል፣ ወይ ፈርቷል። ጓዲት አገርነሽ የውሰት መዝገቡን እንደገና ከፍተው ከአሻራዎቹ መካከል አንድ እንደ ሳንቲም የሰፋ አሻራ አገኙ። ይኸው አሻራ አራት ጊዜ ተደግሟል፤ አራቱንም ጊዜ መጽሐፉ በቀኑ፣ በስኳር ከረጢት ወረቀት ተጠቅልሎ ተመልሷል። የዳልጮ አሻራ ነበር።

ዳልጮ በሲቀላ አውቶቡስ መናኸሪያ ተሸካሚ ነበር። ሁለት ኩንታል ባንድ ጊዜ ያነሣል፤ ወደ የትኛውም ቤት ሲገባ ጎንበስ ይላል። በሲቀላ የሚያለቅስ ልጅ ሁሉ «ዳልጮ መጣልህ!» ተብሎ ዝም ይላል። ዳልጮም ይህን ስለሚያውቅ ልጅ ሲያለቅስ ከሰማ መንገድ ይቀይር ነበር። ጓዲት አገርነሽ ሲደርሱ በሙዝ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኙት።

«አይሆንም እትዬ» አለ ገና ሳይጨርሱ። «እኔ ያነበብኩት ለራሴ ነው።»

«አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል።»

«ፊደሌ አያምርም። ሰው ይስቅብኛል።»

«እሺ» አሉ እርሳቸው፤ አልተጫኑትም። ሊሄዱ ሲነሡ ግን ዳልጮ ጠራቸው።

«ነገ የት ነው የሚወስዱት?»

«መጋዘን።»

«መጋዘኑን አውቀዋለሁ» አለ። «ጆንያ የማስገባው እኔ ነኝ። አይጥ አለበት።»

ጓዲት አገርነሽ ከደብተሩ አንድ ሉክ ገንጥለው፣ የሚጽፈውን እስክሪብቶ ጨምረው ሣጥኑ ላይ ትተውለት፣ የማይጽፈውን ይዘው ዳገቱን ወጡ።

ወበዕለተ ቅዳሜ በአምስት ሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። መፈክር ከተሰማ በኋላ ጓድ ላቀው ደብተሩን ተቀብለው አስተያየቶቹን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የመነንን ሲያነቡ አባቷ ከሁለተኛው ረድፍ ጉሮሮውን ጠረገ። የታምሩን ሲያነቡ አዳራሹ ጫሞና ዓባያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፣ ሥነ ሥርዓትም ተጠየቀ። የአቶ ካሱን ሲያነቡ አንድ ሽማግሌ «እውነቱን ነው፤ መጠየቅ ነበረበት!» ብለው ተነሡ። እኔ የጻፍሁት ሲነበብ ጥቂት ሰዎች ውሃ ሊጠጡ ወጡ። ጓድ ላቀው ግን ከገጽ ወደ ገጽ ሲሄዱ ድምፃቸው የኮርስ ድምፅነቱን እያጣ መሄዱን እኔ ከቅርብ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«ዐሥራ ዘጠኝ» አሉ በመጨረሻ። ሰዓታቸውንም አዩ። ለስድስት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይቀር ነበር። «አንድ ጎደለ ጓዲት።»

«ጎደለ» አሉ ጓዲት አገርነሽ። ተነሥተው ቆሙ፤ ከዚህ ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

በዚያን ጊዜ በሩ ጨለመ። ዳልጮ ነበር። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ቀና አለ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጎን ተሰበሰበለት። አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት ለጓድ ላቀው ሰጠ። እርሳቸውም አንብበው ወረቀቱን አዩት፣ እርሱን አዩት፣ እንደገና ወረቀቱን አዩት።

«ይህን በገዛ እጅህ ነው የጻፍከው?»

«በእጄ ነው።»

«አዋጁ በግልጽ...» አሉና ቆሙ። ከዚያ የአዳራሹን ጥቁር ሰሌዳ አሳዩት። «ጻፈው። ሁሉም ይየው።»

ዳልጮ ወደ በሩ አየ። በሩ ሩቅ አልነበረም፤ በሁለት እርምጃ ይደርስበታል። ጓዲት አገርነሽ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ፤ የልመና ዓይን እንዳይሆንበት ብለው እንደሆነ በኋላ ነግረውኛል። ዳልጮም ጠመኔውን አነሣ። ጠመኔው ተሰበረ። ስባሪውን አነሣ፤ እርሱም ተሰበረ። ሦስተኛውን ስባሪ በሁለት ጣቱ እንደ እንቁላል ይዞ መጻፍ ጀመረ። አንዱን ፊደል ጽፎ ይርቃል፣ ያያል፣ ይመለሳል። በሁለተኛው ቃል ላይ ተሳሳተና በመዳፉ አጠፋው። ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ሲጀምር ጌጤ በጃንጥላዋ ጎሰመችው። ሙሉ አዳራሽ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ የአንድ ሰው እጅ ሲያይ፣ ቃለ ጉባኤ በያዝኩባቸው ዘመናት ሁሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይህ ነበር፤

«ሰው ፈራው። እሱም ሰው ይፈራ ነበር። ማንም አልጠየቀውም።»

ቀጥሎ ጥቂት አሰበና ከሥሩ ጨመረ፤ «ዳልጮ።»

ማንም አላጨበጨበም። ወይዘሮ ወርቄ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲነኩ አይቻለሁ። ጓድ ላቀው ሰሌዳውን አንብበው ሲጨርሱ ኃላፊ ናቸውና ኃላፊነታቸውን አስታወሱ።

«የመደብ ጥያቄው ግን ይቀራል» አሉ፣ ቀስ ባለ ድምፅ። «ግዙፉ የየትኛው መደብ ነው?»

«መሬት አለው?» ብለው መለሱ ጓዲት አገርነሽ። «የለውም። ቤት አለው? የለውም። ገባር አለው? የለውም። ያለው ትከሻው ብቻ ነው ጓድ።»

«ሸክም ነው ሥራው» አለ ዳልጮ፣ ጠመኔውን እንደያዘ።

ጓድ ላቀውም ከጠረጴዛው ጀርባ ተነሥተው፣ ሰዓታቸው ስድስት ሊል ሲል፣ ይህን አወጁ፤ «አባ ዳመና ፊውዳል አይደለም። ጉልበቱን ብቻ ይዞ የሚኖር ወዛደር ነው። መጽሐፉ በቦታው ይቆያል። ስለ ሐይቁ ግን የተነሣው ቅሬታ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።» እኔም ያዝሁት።

ጓድ ላቀው በቀጣዩ ሰኞ መጥተው «አባ ዳመና»ን ተዋሱ። በሰባተኛው ቀን መመለስ ሲገባቸው በዘጠነኛው መለሱት። ጓዲት አገርነሽ ስለ ሁለቱ ቀናት አልጠየቋቸውም፤ እርሳቸውም አስተያየት አልሰጡም፤ ግን በጎርፉ ምዕራፍ መካከል የክብሪት እንጨት እንደ ምልክት ገብቶ ተገኝቷል።

ከእርሳቸው ቀጥሎ የወሰደው ዳልጮ ነበር። በዚህ ጊዜ በመዝገቡ ላይ ስሙን ጻፈ። መጽሐፉን በስኳር ከረጢት ወረቀት አልጠቀለለውም፤ በመናኸሪያው በሙዝ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ፣ አውቶቡስ እስኪመጣ፣ ጣቱን ከፊደል ፊደል እየወሰደ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ሰው ከሩቅ ሰማው። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከአጠገቡ ቆመች፤ ሲሳሳትም «'ጸ' ነው እኮ እሱ» አለችው። ዳልጮ ተመልሶ አነበበው። በሳምንቱ ዓሣ ነጋዴዎቹ፣ ትኬት ቆራጩና ከዶርዜ የወረዱት ሸማኔዎች ከብበውት ነበር፤ ሲቀላ ዘመኗን ሁሉ የፈራችውን ሰው፣ ሕፃን ያዘለው ሁሉ ተደግፎት ፊደል ያርመው ነበር።

እንግዲህ ከተማ የከበቡ፣ ምሽግ የሰበሩ፣ ወንዝ የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ዜናቸውም በብራና ተጽፏል። በስድስት ቀን ውስጥ፣ በአንድ ደብተርና በአንድ ተኩል እስክሪብቶ፣ ሃያ ሰው ያሰበውን በገዛ እጁ እንዲጽፍ ያደረገ ግን ከጓዲት አገርነሽ በቀር አላገኘሁም። የቁልቁለት ዘማች፣ የዳገት አርበኛ፣ ሰውን ሳይጫኑ የሚያስነሡ ጠባቂ፤ ዘመናቸው ይርዘም፣ መደርደሪያቸውን ብል አያግኘው፣ የሚዋሰውም መጽሐፍ እያረጀ፣ እየተቀደደ፣ እየተሰፋ ከእጃቸው አይጥፋ።